ቀድሞ የታየ ጎርፍ

ዓለም የሚጠቀምባቸው የአየር ትንበያ የኮምፒውተር ሞዴሎች አንኮበርንና አሊዩ አምባን እንደ አንድ ቦታ ነው የሚቆጥሯቸው። ብርዱ አጥንት የሚሰብረውን ደጋና ማሽላ የሚበቅልበትን ቆላ ደምረው አካፍለው፣ ለሁለቱም የማይሆን ትንበያ ይሰጣሉ። ደብረ ብርሃን የምትሠራው ተመራማሪ ሥርጉት ወጣትነቷን የጨረሰችው ይህን ለማስተካከል ነው፤ ሞዴሉ ገደሉን ገደል፣ ሸለቆውን ሸለቆ ብሎ እንዲያይላት።

ለዚህ የየቦታው ዝናብ መለካት ነበረበት። ከአሊዩ አምባ በታች ወንዝ ዳር የሚያርሱት ጋሽ ፈረጅ መለኪያውን ግቢያቸው አስተክለው፣ በዘነበ ቁጥር እየደወሉ ይነግሯት ነበር።

«ዶክተር፣ እኔ የጣለውን እነግርሻለሁ፤ አንቺ ደግሞ የሚጥለውን ትነግሪኛለሽ» ይሏታል እየሳቁ።

«እነግርዎታለሁ፣ ጋሼ። ለዚያ አይደል የምለፋው?»

ባለፈው ነሐሴ ሞዴሉ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳሰበችው ሠራ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንኮበር አናት ላይ ከባድ ዝናብ እንደሚወርድ፣ ጎርፉም በጋሽ ፈረጅ ወንዝ በኩል እንደሚሄድ አሳያት። ሥርጉት ልትደውልላቸው ስልኳን አነሣች። አይሠራም። ሰሞኑን ጸጥታው ደፍርሶ የቆላው ኔትወርክ ተቋርጧል፤ መንገዱም ተዘግቷል።

ማስጠንቀቂያ ወደሚያወጣው ቢሮ ሮጠች። ኃላፊው በትሕትና አዳመጣት።

«ገና ያልጸደቀ ሞዴል ነው፤ በእሱ ሕዝብ አናሸብርም» አላት። «ደግሞስ ብንፈልግ በምን እንነግራቸዋለን?»

መናኸሪያ ሄዳ ሹፌሮችን ለመነች። የደፈረ አልነበረም። በማግስቱ መስኮቷ ላይ ቆማ በምሥራቅ በኩል ሰማዩ እየጠቆረ ሲሄድ አየች። ሞዴሉ እንዲሳሳት፣ ያ ሁሉ ድካሟ መና እንዲቀር ጸለየች።

አልተሳሳተም።

መንገዱ እንደተከፈተ ወረደች። ማሽላው የነበረበት ቦታ ድንጋይ ብቻ ሆኗል። የጋሽ ፈረጅን ባለቤት አፊፋን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«እኛ ዘንድ ጠራራ ፀሐይ ነበር» አሉ አፊፋ። «ጠብ ያለ ነገር የለም። እሳቸው ከልጃችን ከዩምና ጋር ላሞቹን ውኃ ሊያጠጡ ወረዱ። ድምፁን ሰምቼ ስወጣ ወንዙ ሞልቷል። የዩምናን ሬሳ ታች አገኘነው። እሳቸውን እስከ ዛሬ አላገኘናቸውም።»

ሥርጉት አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ዶክተር» አሉ አፊፋ፣ «ያ የምትለፊበት ነገር ይህን አይቶት ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አይቶት ነበር። በዋዜማው አውቄያለሁ።»

አፊፋ አልጮኹም፤ አልተራገሙም።

«እኔ እኮ ከአላህ በቀር ያወቀ የለም ብዬ ነበር የተጽናናሁት» አሉና ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ።

ደብረ ብርሃን ስትመለስ የሥራ ባልደረባዋ ገብረአማኑኤል በሩ ላይ በፈገግታ ተቀበላት። ቢሮው ጎርፉን አይቶ ሞዴሉን ሊያጸድቀው ነው።

«ተሳካልሽ እኮ!» አላት።

ሥርጉት ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩ የመስከረምን ዝናብ እያሰላ ነበር፤ ጎርፍ የሚያሰጋቸው፣ ከገደሉ ሥር ያሉት ወንዞች ካርታው ላይ አንድ በአንድ ቀይ ይሆናሉ። የቆላው ኔትወርክ ዳግመኛ ተቋርጧል።