ለጅብ የመጡ ሽማግሌዎች

ፍልሰታ በተፈታበት ሳምንት፣ እሁድ ጠዋት፣ ቁስቋም ያለው ቤታችን ሽማግሌ መጣ።

እናቴ ወይዘሮ ብርሃኔ ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። በሩ ሲንኳኳ በመስኮት አየች። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ዝናቡ ላይ ቆመዋል። በሩን ለአባቴ ትታ ወደ እኔ ክፍል በረረች።

«ተነሺ! ትሕትና፣ ተነሺ! ሽማግሌ መጥቷል!»

«የማን ሽማግሌ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ማን ነው ልጁ? ተናገሪ እንጂ!»

ልጅ የሚባል የለም። ከኮምፒውተሬ በቀር አብሮኝ የሚያመሽ ፍጡር አልነበረም። ግን እናቴን ማን ይመልሳት? ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችብኝ፣ ጸጉሬን በመዳፏ ደለደለችና እየጎተተች ወስዳ ከሳሎኑ በር ጀርባ አቆመችኝ። ራሷም አጠገቤ ቆመች። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ተገፋፋን።

አባቴ አቶ መሸሻ እንግዶቹን አስገባ። ፊት ያሉት የሸጎሌው እድር ዳኛ አቶ ቱሉ ናቸው። ከጎናቸው አዲሱ ገበያ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጡት አቶ ሸምሰዲን ቆመዋል። ሦስተኛው ቁጥር ለመሙላት የመጡ የሚመስሉ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስማቸውን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

«ኧረ ተቀመጡ፤ ብርድ ነው» አለ አባቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ቱሉ፣ ልክ እንደ ወጉ።

«ተቀምጣችሁም ይሰማል።»

«የለም፤ ቆመን ነው የምንለምነው። እሺታውን ሳናገኝ አንቀመጥም።»

እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አቶ ቱሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አቶ መሸሻ፣ ኦልያድ የሚባል ልጅ አለን። ጨዋ ነው፤ አይጠጣም፤ አዲሱ ገበያ ማተሚያ ቤት ከፍቷል። ልጅዎን በኢሜይል ደጋግሞ ቢጠይቅ መልስ አጣ። በቃ፣ ሰው ልላክ ብሎ እኛን ላከ።»

«ምን ብሎ ነው የጠየቃት?»

አቶ ቱሉ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። አቶ ሸምሰዲን ስልካቸውን አውጥተው መነጽራቸውን አስተካከሉና አነበቡ። «ጅቡን፣ አህያዋን፣ ድመቷን... ባጠቃላይ የፊደል እንስሶቿን። አትሞ ሊሸጣቸው።»

አባቴ ስልኩን ተቀብሎ ራሱ አነበበው።

እናቴ አልቻለችም፤ በሩን በርግዳ ወጣች። «እኔ ለልጄ የመጣችሁ መስሎኝ! ለጅብ ነው እንዴ ሽማግሌ የሆናችሁት?»

ዝምተኛው ሽማግሌ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንስሶቹ የእኔ ናቸው። በኮምፒውተር ነው የምስለው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ እንስሳ ስያለሁ። በ‹ጀ› ቤት ጅብ፣ በ‹ዘ› ቤት ዝሆን፣ በ‹ጠ› ቤት ጦጣ። አህያዋን የሳልኳት ሸጎሌ ከብት ተራ ሄጄ፣ ጭቃ ላይ ቆሜ፣ ባለቤቷ «ትገዢያለሽ አትገዢም?» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነው። ሁሉንም ማንም በነጻ እንዲያወርዳቸው ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኋቸው። ወላጅ ይውሰድ፣ መምህር ይውሰድ ብዬ። ወዲያው አንድ ሳሙና አምራች ፊርማዬን ፍቆ ዝሆኔን ካርቶኑ ላይ ለጠፈው። ያ ቆንጆ ዝሆን ሳሙና ሻጭ ሆነ! ጠቅላላ ደሜ ፈላ። ከዚያ ወዲህ ገጼ ላይ በቀይ ቀለም «በነጻ ውሰዱ፤ ለንግድ መጠቀም ግን ፈጽሞ ክልክል ነው» የሚል ለጥፌያለሁ። ከነጋዴ የሚመጣ ኢሜይል ደግሞ ሳልከፍተው ነው የማጠፋው።

ወላጆቼ ትሕትና ብለው ስም ያወጡልኝ ጠባዬን ሳያዩ ነው። ከእናቴ ኋላ ወጣሁ።

«አይሆንም!» አልኩ። «ነጻ ነው ብያለሁ። በነጻ ያድለው! መሸጥ የሚባል ነገር የለም!»

«ወረቀትና ቀለም በነጻ የሚሰጠው አጣ እኮ፣ ልጄ» አሉ አቶ ቱሉ።

«እንግዲያው ወላጆች ራሳቸው አውርደው ያትሙ።»

«የት ያትሙት?» አሉ አቶ ሸምሰዲን።

«ፎቶ ኮፒ ቤት ነዋ!»

«ፎቶ ኮፒ ቤት ያስከፍላላ» አለ አንድ ሰው። ዞር ብል አባቴ ነው። የገዛ አባቴ! «ያስ ንግድ አይደለም እንዴ?»

ስሸነፍ ድምፄ ይጨምራል። «ልጁስ የት አለ? ራሱ መጥቶ ለምን አይጠይቅም?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይመጣም፤ ወጉ አይፈቅድም። «ታች መታጠፊያው ላይ ቆሞ ይጠብቀናል» አሉ አቶ ቱሉ።

«በዚህ ዝናብ?» አለች እናቴ። ድምጿ ውስጥ ተስፋ እንደገና ሲያንሰራራ ሰማሁት።

በነጠላ ጫማ ወጣሁ። «ጃንጥላ ያዢ!» የሚል ጩኸት ከኋላዬ ተከተለኝ፤ አልሰማሁም። ቁልቁለቱ ጭቃ ነው፤ ሁለቴ ልወድቅ ደርሼ ተረፍኩ።

መታጠፊያው ላይ፣ የተዘጋ ሱቅ ቆርቆሮ ስር፣ አንድ ረዘም ያለ ልጅ ቆሟል። በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ጃኬቱ ውስጥ አቅፏል። ወረቀቱ ደረቅ ነው፤ እሱ ግን በስብሷል።

«ኦልያድ አንተ ነህ?»

«አንቺ... ትሕትና ነሽ?» ደነገጠ። «እሺ አሉ?»

«እነማን ናቸው እሺ የሚሉት? እንስሶቹ የእኔ ናቸው!»

«ስለዚህ ነዋ ሰው የላክሁት። ጽፌ ጽፌ ዝም ስትዪኝ ምን ላድርግ?»

«ሌላው እንደሆነ ሳይጠይቅ ነው የሚወስደው።»

«ሳሙናውን አይቼዋለሁ» አለ። «እኔ ግን ጠየቅሁ።»

ይህን ሲል አልተቆጣም፤ አልተለማመጠም። እኔ ግን ለጠብ ተዘጋጅቼ ስለመጣሁ ትንሽ ተንገዳገድኩ። ከጥቅሉ ውስጥ አንድ ወረቀት መዘዘና ዘረጋልኝ።

«መስከረም ደረሰ። የምከራየው ትልቅ ማተሚያ ላይ ተራ ያገኘሁት ለነገ ጠዋት ነው፤ ካለፈኝ የትምህርት መክፈቻው አመለጠኝ ማለት ነው። አንቺ እምቢ ካልሽ የማትመው ይሄን ነው።»

የፊደል ገበታ ነው። በ‹ፐ› ቤት ፔንጉዊን አለ። በ‹ከ› ቤት ካንጋሮ። በ‹ወ› ቤት ደግሞ ሁለት ረጃጅም ጥርስ ያለው፣ ፂማም፣ ወፍራም ፍጡር በረዶ ላይ ተጋድሟል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዋልረስ ይሉታል። እኔም አላውቀውም» አለና አፍሮ ሳቀ። «ከውጭ ድረ ገጽ ነው ያመጣሁት። እነሱ ለንግድም ፈቅደናል ይላሉ። ገበያው ላይ ያለው ገበታ ሁሉ ከዚያው ነው የሚቀዳው። የአንቺን ጅብ ማን ይነካዋል? ክልክል ነዋ!»

ዋልረሱን አየሁት። የጉለሌ ልጅ፣ ማታ ማታ ከእንጦጦ ጅብ ሲጮህ እየሰማ የሚተኛ ልጅ፣ ዋልረስ ብሎ ፊደል ሊቆጥር! ያ በቀይ የጻፍኩት ክልከላ ሳሙናውን አንድ ቀን አላስቆመም። ያስቆመው ይህን ቆርቆሮ ስር የሚንቀጠቀጠውን ልጅ ብቻ ነው። እኔው ራሴ ጅቤን ከገበያ አባርሬ ዋልረስ አስገብቻለሁ። ተናደድኩ፤ ግን በማን ላይ እንደምናደድ ግራ ገባኝ።

«የእኔንስ አትመህ አይተኸዋል?» አልኩት።

«አንድ ብቻ። ለናሙና።» ሁለተኛውን ወረቀት ገለጠው።

ጅቤ! በስክሪን ካልሆነ አይቼው አላውቅም። አሁን ክንዴን ያህላል። ጀርባው ላይ በትዕግስት የሰራኋት ጠጉር ሁሉ አንድ በአንድ ትታያለች። አህያዋ እንደ ሸጎሌው ቀን ጆሮዋን ጥላ ቆማለች። ታች፣ ጥግ ላይ፣ ስሜ ሙሉውን ተጽፏል። ልቤ ይዘል ጀመር፤ መደበቅ እንኳ አልቻልኩም።

«ከስሩ ያለው ጽሑፍስ?»

«ቁቤ ነው፤ የኦሮምኛው ፊደል። ሸጎሌ ያሉ ልጆች ሁለቱንም ነው የሚማሩት። ግን የእንስሶቹ ቦታ ይቀያየራል። ጅብ በኦሮምኛ ዋራቤሳ ስለሆነ ያ ዋልረስ የተኛበት ቦታ ይገባል» አለና ፈጠን ፈጠን ማለት ጀመረ፤ ብርዱን ረስቶታል። «አህያ ሀሬ፣ ድመት አዱሬ... እነሱን አስተካክያለሁ። የጎደለኝ ኤሊ ነው። እኛ ቆጫ ነው የምንላት፤ ያ ቦታ ባዶ ሆነብኝ። ኤሊ አልሳልሽም።»

«ዛሬውኑ እስላታለሁ!»

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው የሰማሁት። እሱም ሰማ። ፊቱ በአንዴ በራ።

«ፈቀድሽ ማለት ነው? እ... ማለቴ፣ ለእኔ ብቻ አይደል? ሌሎቹ ማተሚያ ቤቶች እንዳይነኩት ጻፊልኝ።»

«የለም። ከፈቀድኩ ለሁሉም ነው። ለአንተ ብቻ ብሰጥህ ሌሎቹ ያንን ጥርሳም ማተማቸውን መቼ ይተዋሉ?»

«ለሁሉም?» ፊቱ ወደቀ። «ለሳሙናውም?»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዝሆኔ ካርቶን ላይ ተለጥፎ ታየኝ። ግን ሳሙናውን የሚያስቀር በር በክልከላዬ ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ ያኛው ገባ፣ ውጭ የቀረው ይህ ልጅ ነው።

«ለሳሙናውም» አልኩ፣ እያቃጠለኝ። «ስሜን ይጻፍ እንጂ፣ ይሽጥ!»

ኦልያድ የሌሎቹን ማተሚያ ቤቶች እያሰበ ከንፈሩን ነከሰ። ጥሎኝ የሚሄድ መሰለኝ። ከዚያ ሳቅ አለ። «የነገ ጠዋቱ ተራ ግን የእኔ ነው። ሁሉንም እቀድማቸዋለሁ!»

ዳገቱን ተያይዘን ሮጥን። ሳሎን ስንገባ ሽማግሌዎቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው፤ እሺታ ሳያገኙ እንዴት ይቀመጡ? ዝምተኛው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

«እሺ ብያለሁ! ተቀመጡ!» ብዬ ጮህኩ።

«ተመስገን!» አሉ አቶ ቱሉና ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። «ጉልበቴ ሊያልቅ ነበር፤ ለሚስት እንኳ እንዲህ ቆሜ አላውቅም።» አባቴ ሳቀ፣ አቶ ሸምሰዲን ሳቁ። እናቴ ኦልያድን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ ፎጣ አመጣችለት፣ ገና ፊቱን ሳያደርቅ «አግብተሃል?» አለችው።

ኤሊዋን ከሰዓት በኋላ ሳልኳት። ሽማግሌዎቹ አልሄዱም። ስድስት ሰው ትከሻዬ ላይ ተደርቦ «አንገቷን አስረዝሚው»፣ «ኧረ ዛጎሏ ይበዛል» እያለ ነው የሠራሁት። ሌላ ቀን ቢሆን ሁሉንም አስወጥቼ በሩን እቆልፍ ነበር። ዝምተኛው ሽማግሌ በመጨረሻ አፋቸውን ከፍተው «እሷ ናት» አሉ፤ በቃ አለቀች። ከዚያ ገጼን ከፈትኩና ኤሊዋን ጨምሬ ቀዩን ጽሑፍ አጠፋሁት። በቦታው «ውሰዱ፣ አትሙ፣ ሽጡም። ስሜን ብቻ አታጥፉ» ብዬ ጻፍኩ።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ከእናቴ ጋር አዲሱ ገበያ ወጣን። ሰው እንደ ጉድ ይጋፋል፤ የታክሲ ረዳቶች «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያሉ ይጮኻሉ። የኦልያድ ገበታ በየሱቁ በር ላይ ተሰቅሏል። ትንሽ አለፍ ስንል አንዲት ወጣት ሻጭ አጥር ላይ ገመድ ዘርግታ በልብስ መቆንጠጫ ገበታ ሰቅላለች። ይሄኛው የኦልያድ እትም አይደለም። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ስሜ ጠርዙ ላይ ተቆርጦ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። እንስሶቹ ግን የእኔ ናቸው፤ ኤሊዋም አለች።

እናቴ አላስቻላትም። «ይሄን የሳለችው ልጄ ናት! ይቺው!»

ሻጯ አየችኝና በትዕግስት ፈገግ አለች። «እማማ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት በዚችው ኤሊ ነው።»

እናቴ ልትጮህባት አፏን ከፈተች። ክንዷን ያዝኩት፤ ከሳልኳት ወር ያልሞላት ኤሊ የዚች ልጅ የልጅነት ኤሊ ሆናለች! ልቆጣ ይገባኝ ነበር፤ ቁጣዬን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። እዚያው ጭቃው ላይ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

«አንድ ስጪኝ» አልኳት።