የኦርቫል ባዝራና የእኔ ሽጉጥ

ጎረቤቴ ኦርቫል ከመኪናው ሳይወርድ፣ ሞተሩንም ሳያጠፋ ነው የተናገረኝ።

«ማቪስ፣ ያቺን ሽጉጥሽን ብታስቀምጫት ይሻላል። ዕድሜሽም ገፍቷል፣ ዓይንሽም እንደ ድሮው አይደለም።»

«ምን አደረግኩህ?»

«ባዝራዬን ዳሌዋ ላይ መትተሻታል። ከአማችሽ ነው የሰማሁት።»

መልስ እንኳ ሳይጠብቅ አቧራውን አልብሶኝ ሄደ። እዚያው ደጃፌ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ የአልፋልፋ መኖ ማሳዬን ውኃ የማጠጣው ብቻዬን ነው። እዚህ ሞንታና በጋው እባብ አያጣውም፤ ስለዚህ ያቺ ትንሽ ሽጉጥ ከወገቤ አትለይም። ከበሮዋ እየዞረ የሚጎርሳቸው ጥይቶች ከባቄላ ፍሬ አይበልጡም፣ ድምፅዋም ደረቅ እንጨት የተሰበረ ያህል ነው። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ጣሳ ደርድሬ እተኩስባታለሁ፤ ደስ ይለኛል። ግን ጣሳዎቹን የምደረድረው ሁልጊዜ ከማሳው ግርጌ ካለው የአፈር ግድብ ፊት ነው። ትንሽ ጥይትም ብትሆን የሚውጣት ለስላሳ አፈር ትፈልጋለች።

ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ልጄ ትዋይላ ከባሏ ከኬንዳል ጋር ከከተማ መጥተው እኔ ዘንድ አርፈው ነበር። ኬንዳል ሽጉጧን እንዳውሰው ለመነኝ። ስሰጠው «ከግድቡ ፊት ብቻ» አልኩት።

«አውቃለሁ እኮ! መጫወቻ አይደለች እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሲመልስልኝ ደግሞ «ስተኩስባት ወደ ግራ ትስባለች» አለኝ።

ኦርቫል እንደሄደ የአጥሩን ጥግ ይዤ ወረድኩ። ጣሳዎቹን ከኦርቫል መስክ አጠገብ ካለው ቋጥኝ ላይ አገኘኋቸው። ድንጋዩ የጥይት እርሳስ ጭሮት ያብረቀርቃል፣ ባዶ ቀለሆችም ሣሩ ውስጥ ተበትነዋል። ጥይቷ ከድንጋዩ ነጥራ ነው ባዝራዋን ያገኘቻት።

ቤት ስመለስ ኬንዳል ቁርስ ላይ ነበር።

«ድንጋይ ላይ ነው የተኮስከው?»

«ጣሳዎቹ እዚያ ላይ ሲታዩ ያምሩ ነበር።»

«ለኦርቫልስ እኔ እንደመታኋት ነው የነገርከው?»

«እርስዎ መቱ አላልኩም። ‹ሽጉጧ የማቪስ ናት› ነው ያልኩት።»

«ኬንዳል!» አለች ትዋይላ፤ ሹካዋን ጣለችው።

«ተነስ» አልኩት። «ጫማህን አጥልቅ።»

ኦርቫልን በረቱ ውስጥ ባዝራዋን መድኃኒት ሲቀባት አገኘነው። ኬንዳል መሬት መሬት እያየ እውነቱን ተናገረ። ኦርቫል ምን ቢል ጥሩ ነው? ሳቀ! ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ጭረት ናት። እኔም በወጣትነቴ ስንቱን ሰብሬያለሁ» አለው።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩት። «እኔ የመታኋት ሲመስልህ ሽጉጤን ላስቀምጥ፣ እሱ ሲሆን አይዞህ?»

«ልጁ እንግዳ ነው፣ አላወቀም…»

«እኔስ? ስንት ዓመት ጎረቤትህ ነኝ! ላሞችህ አጥር ሲጥሱ ማን ነው የሚመልስልህ? ዓይኔ ያኔ አልጠፋም ነበር?»

«አሁን ይህን ያህል የሚያስቆጣ ነገር ነው እንዴ?»

ይሄኔ አይና የምትባለው ሚስቱ ከበረንዳው ተጣራች። «አንተ ሰውዬ! ቁርስ ቤት ለሰው ሁሉ ማቪስ ዓይኗ ጠፋ ብለህ የለም? እዚያው ሄደህ ወሬህን ታርመዋለህ!»

በማግስቱ ቁርስ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ኦርቫል ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ። «ባዝራዬን የመታው የማቪስ አማች ነው። ማቪስ አይደለችም» ብሎ አጉተመተመ።

«አልሰማንም!» አለ አንዱ ከኋላ።

ጮክ ብሎ ደገመው፤ «ተሳስቻለሁ»ንም ጨመረበት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን አልሳቅሁም። አንድን ነገር ለማስተባበል እንዲህ ከተለመነ፣ ሲያወራው ማን ለመነው?

ኬንዳል የዚያኑ ዕለት ደህና ይሁኑ እንኳ ሳይለኝ ወደ ከተማ ተመለሰ። ትዋይላ ቀረች። እሑድ ከሰዓት በኋላ «እማዬ፣ እስቲ አሳዪኝ» አለችኝና ግድቡ ጋ ወረድን። «እስክታልሚ ጣትሽ ምላጩን እንዳይነካ» አልኳት። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች አፈር ብቻ ቆፈሩ። በኋላ አንዲት ጣሳ ብድግ ብላ ተንከባለለች፤ ልጄ እንደ ሕፃን በደስታ ጮኸች።

«እንደገና ጥይት ሙዪልኝ!»

ጥይቶቹን አንድ በአንድ አጎረስኩላት። በኦርቫል ላይ ያደረብኝ ንዴት ግን ገና አልበረደልኝም ነበር።