ዊልቸሩ የሚገባባት መኪና

አባትየው ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ይጠርዛል፤ እናትየው ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ከደረሰባት አደጋ ወዲህ በዊልቸር መሄድ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። እግሯ ቢሰንፍም ምላሷ አልሰነፈም። ታክሲዎች ዊልቸሩን ሲያዩ ባዶ ወንበር እየታየ "ሞልቷል" ይላሉ። እሷም "አባዬ፣ ዛሬም ታክሲው አየር ጭኗል" ትላለች። እሱ ይስቅላታል፤ ግን ፊቱን ያዞራል።

ለቤት ማደሻ ያስቀመጡት ገንዘብ ለአዲስ መኪና የሚታሰብ አይደለም፤ ለደህና አሮጌ ግን ይበቃል። አባትየው ስለ መኪና የሚያውቀው አራት ጎማ እንዳለው ብቻ ነው። ስለዚህ ጡረታ የወጡትን መካኒክ ጎረቤቱን አብረውት እንዲያዩለት ለመናቸው። ሞተር ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ስለሚያዘነብሉ የሰፈሩ ሰው "ጋሽ ጆሮ" ይላቸዋል።

"እሺ፣ እመጣለሁ" አሉት። "ግን መኪናው ልብህን እንዳይወስደው። ልጅቷም ዊልቸሩም አብረውን ይምጡ፤ የሚሳፈሩት እነሱ ናቸው።"

መጀመሪያ ያዩዋት ቀይ ናት። መጋዘን ውስጥ ቆማ፣ ተወልውላ እንደ መስታወት ታበራለች። ዊልቸሩ ታጥፎ ከኋላዋ ዘው አለ። የአባትየው ልብ እዚያው ቀረ።

"ከትናንት ጀምሮ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም" አለ ሻጩ።

ጋሽ ጆሮ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። "ታዲያ ይህን ትኩሳት ከየት አመጣችው?"

ሻጩ ስልኩን መነካካት ጀመረ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያሻሹ ከኋላ ጎንበስ አሉና ምንጣፉን ገለጡት። ብረቱ ላይ የብየዳ ጠባሳ ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል።

"ተመትታ፣ ተቆርጣ የተቀጠለች ናት" አሉ አባትየውን ወደ ዳር ወስደው። "ሞተሯንም ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ እንዳንሰማ ቀድመው አሙቀውታል።"

"ዋጋዋ ግን ጥሩ ነበር።"

"ጥሩ የሆነው ለዚሁ ነው።"

ሁለተኛዋ ደህና ነበረች፤ ግን የዊልቸሩ ግማሽ ውጭ ቀረ። "ግማሹ ይማር፣ ግማሹ ቤት ይጠብቅ" አለች ልጅቷ። ሦስተኛዋ ዘይት ስለምታቃጥል ጢሷ ሰማያዊ ነበር። እሷን ባዩበት ቅዳሜ የአባትየው ትዕግሥት አለቀ።

"ጋሼ፣ እርስዎ የሚወዱት መኪና ገና የተሠራ አልመሰለኝም።"

እሳቸው አልተቀየሙም። "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" አሉ።

አራተኛዋ የአንዲት አዋላጅ ነርስ ነበረች። ሴትዮዋ ጡረታ ወጥተዋል፤ ዓይናቸው ስለደከመ ነው የሚሸጡት። መኪናዋ ግራጫ፣ ቀለሟ የነተበ፣ በሯ የተጨረመተ ናት። አባትየው ሲያያት ፊቱ ጠቆረ። ጋሽ ጆሮ ግን ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዳገት አወጧት፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኗን ያዙ፤ ዘይት የተቀየረበትን ቀን ሁሉ የያዘውን ደብተር ገልጠው አዩ። ተመልሰው ሲመጡ "ምንም አላገኘሁባትም" አሉ።

"እኔ አለኝ" አሉ ነርሷ። "ዝናብ ሲጠነክር በኋላ በር ውሃ ታስገባለች። ሙሉ ሰው ጭና ዳገት ላይ ትለግማለች። ይህን ደብቄ ብሸጥ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ጋሽ ጆሮ ሳቁ። "ባለቤቷ ራሳቸው ሲመሰክሩባት መስማት ብርቅ ነው።" ከዚያ ወደ አባትየው ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የሚገዛው መኪናው ብቻ አይደለም፤ የያዘው ሰውም ጭምር ነው።"

ልጅቷ ዊልቸሯን ወደ ፊተኛው በር አስጠግታ ነበር። አባትየው እንደ ልማዱ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ።

"ቆይ አባዬ።"

የወንበሩ ከፍታ ከዊልቸሩ ጋር እኩል ነበር። የበሩን እጀታ ጨበጠች፤ በክንዷ ኃይል ሰውነቷን አንሸራተተችና ወንበሩ ላይ አረፈች። እግሮቿን አንድ በአንድ በእጇ አስገባች። ከአደጋው ወዲህ ማንም ሳይሸከማት መኪና ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። አባትየው ዊልቸሩን አጥፎ ከኋላ ከተተው፤ በሩም ያለ ችግር ተዘጋ። ነርሷ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"እኔ ጨርሻለሁ" አለች ልጅቷ። "እናንተም ጨርሱ።"

በዚያው ቀን ተዋዋሉ። ውሃ የሚያስገባውን የኋላ በር ላስቲክ ጋሽ ጆሮ ራሳቸው ቀየሩት፤ አባትየው የድካማቸውን ሊከፍላቸው ሲል ግን ተቆጡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አባትየው እናትየው የሰፋችውን ኮት ይዞ በራቸውን አንኳኳ።

"ጋሼ፣ ያን ቅዳሜ የተናገርኩትን... ምነው አፌን በቆረጠው።"

"ተወው። እኔም ላንተ ቸኩዬ ነበር፤ አላሳየሁህም እንጂ።"

"ልጄ አሁን በጠዋት ተነስታ ቀድማኝ መኪና ውስጥ ትቀመጣለች። እናቷ በመስኮት እያየች ፈጣሪዋን ታመሰግናለች፤ የእርስዎንም ስም ሳታነሳ አትውልም። ብድር መላሽ ያድርገኝ።"

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ኮቱን ለበሱት፤ ትከሻውም እጅጌውም ልክክ አለ።

"ልኬን ማን ሰጣት?"

"በዓይኗ ለካችዎ።"

ቀኑ ሞቃት ነበር። እሳቸው ግን ኮቱን ሳያወልቁ እስከ ውጭ በር ድረስ ሸኙት።