ያልተመታው የናስ ሳህን

የእኛ ቤት ሥራ የሰው ስም መያዝ ነው። አባቴ፣ አያቴ፣ ከእነሱም በላይ ያሉት ዘጠኝ ትውልዶች ሁሉ ባሮት ነበሩ፤ የቬራጋድን ገዥዎች የዘር ሐረግ ጽፈው፣ በአደባባይ ጮክ ብለው አንብበው፣ መዝገቡን ለልጃቸው አስረክበው ያለፉ። መዝገቡ ቁመቱ ክንድ ያህል ሲሆን በቀይ ጨርቅ ይጠቀለላል። አንድ ሕግ አለው፤ የተጻፈ አይሰረዝም። ከሥሩ መጨመር ይቻላል፣ መፋቅ ግን ነውር ነው። የባሮት መዝገብ ተሳሳተ ከተባለ የልጁን ስም የሚያስጽፍ አባት አይገኝም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራም አለበት።

እንግሊዝ ገና አገሩን ሳይለቅ ገዥያችን ቫጄሲንግ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ሁለት ታናናሽ ወንድሞች ነበሩት፤ ጃላምሲንግና ራይማል። ሁለቱ ከአንድ አባትና ከሁለት እናቶች፣ በአንድ ቀን የተወለዱ ናቸው። ወንበሩ የሚገባው ከሁለቱ ለታላቁ ነው፤ ታላቁ ማን እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ የእኔ መዝገብ ነው። መዝገቡ በአባቴ የእጅ ጽሑፍ ጃላምሲንግን አስቀድሞ ራይማልን ያስከትላል። ራይማልም ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ጃላምሲንግን "ወንድም ጋሼ" ሲለው ኖሯል።

ስህተት ነው። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

በእኛ ዘንድ ወንድ ሲወለድ የናስ ሳህን ይመታል። ያን ቀን ሁለቱም እመቤቶች ምጥ ላይ ነበሩ፤ አባቴም መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ባሮት ወደ ሴቶቹ ክፍል አይገባም፤ ጆሮውን ተማምኖ ነው የሚጽፈው። እኩለ ቀን ላይ ከምሥራቁ ክፍል ሳህን ተመታ፤ ጻፈ። ወደ ማታ ከምዕራቡ ክፍል ሳህን ሳይመታ "ወንድ ነው" የሚል ቃል ብቻ ወጣ፤ ከሥሩ ጻፈ። የምዕራቡ ልጅ ራይማል ግን የተወለደው ገና ፀሐይ ስትወጣ ነበር። ልጁ እንደወጣ አንድ ግመለኛ የእመቤቲቱን አባት መርዶ ይዞ ደረሰ፤ ቤቱ በለቅሶ ተሞላ፤ ሳህኑ ሳይመታ ቀረ። አዋላጇ ለአባቴ የነገረችው ከሳምንት በኋላ ነው።

አባቴ ይህን የነገረኝ ሊሞት ሲል ነው። "ታዲያ ለምን ከሥሩ አልጨመርክበትም?" አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና "ፈራሁ" አለኝ።

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። ገዥው በሞተ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ በጉባኤው ፊት እጄን ሰይፍ ላይ አድርጌ መዝገቡን ማንበብና እውነት ነው ብዬ መማል አለብኝ። ዝም ብል በሐሰት መማሌ ነው። ብናገር የአባቴን የእጅ ጽሑፍ ሐሰት ማድረጌ ነው። በዚያ ላይ ለወንበሩ የሚመጥነው ጃላምሲንግ እንደሆነ ውሻ እንኳ ያውቃል። ዝናብ በጠፋባቸው ሁለት ዓመታት በታመመው ገዥ ወንድሙ ፈንታ ጎተራውን ከፍቶ ሕዝቡን ያተረፈ፣ ኩሬውን ያስቆፈረ እሱ ነው። ራይማል ከፈረስ በስተቀር የሚያስተዳድረው ነገር ኖሮት አያውቅም።

ባለቤቴ ሬቫ ጭንቀቴን አይታ አውጣጣችኝ። ስነግራት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"አባትህ ያልደፈረውን አንተ ልትደፍር ነው? ሦስቱም ልጆችህ ከዚህ መዝገብ ሌላ ምን ሙያ አላቸው? ነገ ማን በሩን ይከፍትላቸዋል?"

"መሐላውስ?"

"መሐላውን አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው ልጆቼን ነው" አለችና ወደ ማጀቷ ገባች።

ጉባኤው አራት ቀን ሲቀረው በበሬ ጋሪ ወደ ራይማል መንደር ሄድኩ። በረት ውስጥ ጎንበስ ብሎ የባዝራውን ሰኮና ሲያጥብ አገኘሁት።

"ባሮትጂ! ምነው፣ ሳልሞት ልትጽፈኝ መጣህ?"

"ባፑ፣ ጌታዬ፣ ቀልዱን ይተዉትና እስቲ ይቀመጡ።"

"አንተ ተቀመጥ ካልከኝማ ነገር አለ።"

የማሽላ ቂጣና አሬራ ቀረበልን። ቂጣውን ሳልነካ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። እሱ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሳቀ።

"ጨረስክ? ያን ሁሉ አቧራ የቃምከው ለዚች ነው? እኔ እኮ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቃታለሁ።"

አሬራው እጄ ላይ ፈሰሰ። "ማን ነገረዎት?"

"እናቴ። ገረዷ ሳህኑን አንስታ ልትመታ ስትል 'ተይው' ያለቻት ራሷ ናት። 'አባቴ ሞቶ በቤቴ ናስ አይጮህም' አለች። ሴቶቹ እግሯ ላይ ወድቀው 'እመቤታችን፣ ባሮቱ በር ላይ ነው፣ የልጅሽ ነገር እንዳይበላሽ' ብለው ለመኗት። እሷ ምን አለች መሰለህ? 'ልጄ ገና ዕድሜ አለው፤ አባቴን የማለቅስለት ቀን ግን ዛሬ ነው።'"

ያ ሁሉ ዓመት የአባቴ ጆሮ ጥፋት መስሎኝ ነበር። ለካ አንዲት ሴት እያወቀች ያደረገችው ነው።

"አልተቀየሟትም?" አልኩት።

"ተቀይሜያታለሁ እንጂ! በልጅነታችን ወንድም ጋሼ ፊት ፊት ሲጋልብ እኔ ከኋላ አቧራውን ስበላ፣ ስንት ቀን አልቅሻለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ ያን ሳህን ከማጀቷ ሰረቅኩት። አልጠየቀችኝም። እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው።" የባዝራዋን አንገት መታ መታ አደረገ። "በኋላ ግን አባታችን ሲሞት፣ ከልብ የተለቀሰለት የእሷ አባት ብቻ እንደሆነ ገባኝ። በዚህ ቤት ሰው ሲሞት ሁሉም የሚያየው ወንበሩን ነው።"

"እንግዲህ ምን ላድርግ? ልናገር?"

"እሱንማ አልነግርህም። ተናገር ብልህ ወንበር ያማረኝ እመስላለሁ፤ ዝም በል ብልህ በሐሰት አስምልሃለሁ። መዝገቡን የተሸከምከው አንተ፤ እኔ ምን ቤት ነኝ? ይልቅ ቂጣህን ብላ፣ ከስተሃል።"

እየረገምኩት ተመለስኩ። የመጣሁት ሸክሜን እንዲያራግፍልኝ ነበር፤ እሱ ጭራሽ የእናቱን ልቅሶ ጨምሮ ጫነብኝ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ነጩ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ጃላምሲንግ ጫፉ ላይ ተቀምጧል። የእንግሊዙ ሹም አሥሬ ሰዓቱን ያያል። የሟቹ ሚስት፣ ባ ሳሄብ የምንላቸው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው። ራይማል አንድ ጥቅል ነገር በነጠላው ውስጥ ሸጉጦ ከምሰሶው አጠገብ ቆሟል። እጄን ሰይፉ ላይ አድርጌ ሰላሳ አንድ ትውልድ አነበብኩ። ድምፄ ዱሮም መልካም ነው፤ ያን ቀንም አላሳፈረኝም። ያቺ ገጽ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

"ባሮትጂ፣ ጉሮሮህ ደረቀ እንዴ?" አሉ ባ ሳሄብ ከመጋረጃው ጀርባ። "ኧረ ውኃ ስጡት!"

ሰው ሳቀ። ውኃውን ጠጥቼ የአባቴን ሁለት መስመሮች አነበብኩ። ከዚያ በኋላ "መዝገቡ የሚለው ይህንን ነው። እኔ የምምልበት ግን ሌላ ነው" አልኩና ስለ ንጋቱ፣ ስለ ግመለኛው፣ ስለ ሳህኑ ተናገርኩ።

አዳራሹ ተንጫጫ። "ሽማግሌው ጃጅቷል!" አለ አንዱ። "ማን አስጠናህ?" አለ ሌላው። ጃላምሲንግ እጁን አነሣ።

"ይህን የነገረህ አባትህ ነው?"

"አዎ ባፑ።"

"እያወቀ ለምን አልጨመረበትም?"

ከሁሉ የከበደኝ ይህቺ ጥያቄ ነበረች። "ፈርቶ ነው፣ ባፑ" አልኩ። አባቴን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ፈሪ አልኩት፤ ስለው እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ጃላምሲንግ ከፍራሹ ተነሣ፤ ወርዶ ባዶ መሬት ላይ ቆመና ወደ ራይማል ዞረ።

"ወንድም ጋሼ፣ ይምጡ። ቦታው የእርስዎ ነው።"

እጁ የሚያርፍበት አጥቶ ቀበቶውን ይዞ ይለቃል። ያለውን ሁሉ የሰጠ ሰው ነበር፤ ይህንንም ሲሰጥ አላቅማማም። እኔ ደግሞ ቆሜ ምን አደረግኩ እላለሁ።

ራይማል እየተራመደ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ አፉ ግን እንደ ልማዱ ነው።

"ሃምሳ ሁለት ዓመት ስልህ የኖርኩትን አንድ ቀን ስትለኝ እንዴት ደስ ይላል!" አለው። "አንተ" ብሎ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። ጥቅሉን ፈታ፤ ከውስጡ የጠቆረ የናስ ሳህንና አጭር ዱላ ወጣ። "ይሄን ምታልኝ። እናቴ አባቷን አልቅሳ ጨርሳለች።"

ጃላምሲንግ ሳህኑን አገላብጦ አየው። ከዚያ መታ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ጥምጥሙ እስኪንሸራተት ድረስ መታ። ከመጋረጃው ጀርባ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ፤ እንግሊዙ ሰዓቱን ማየት ረሳ።

ድምፁ ሲያባራ ራይማል አውራ ጣቱን በሰይፉ ጫፍ ወጋና ደሙን በጃላምሲንግ ግንባር ላይ ቀባ። ይህ ደም የሚቀባው ለገዥ ብቻ ነው።

"ምን ማድረግህ ነው?" አለ ጃላምሲንግ።

"ታላቅህ ነኝ አይደል? ታላቅህ ያዘዘህን አድርግ። ተቀመጥ።"

ጃላምሲንግ ጎንበስ ብሎ የወንድሙን እግር ነካ፤ ከዚያም ተቀመጠ።

"ጻፍ እንጂ ባሮትጂ፣ ምን ያፈዝሃል?" አሉ ባ ሳሄብ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት መንደሮች ልጆቼን ከበር መልሰዋቸዋል፤ ሬቫም ይህን በየምሳው ታስታውሰኛለች። ያን ቀን ግን የአባቴን መስመር ሳልነካ ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ "ራይማል ፀሐይ ስትወጣ ተወለደ። ሳህን የተመታለት በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። የመታለት ታናሽ ወንድሙ ነው።"