ዳኛውን ልንወስድ የወረድን ቀን

ካፒቴናችንን ከኋላዋ «ሁለት ዙር» እንላታለን። የትም ይሁን የት፣ ሁለት ጊዜ ሳትዞር ሄሊኮፕተሯን መሬት አታስነካማ! ፊት ለፊት ግን «ካፒቴን» ነው፤ በቅጽል ስሟ ደፍሮ የሚጠራት የለም። እኔ የበረራ ቴክኒሻን ነኝ። ሥራዬ በበሩ አንገቴን አውጥቼ ከታች ያለውን ለእሷ መንገር፣ ካረፍን በኋላ ደግሞ ሰው ወደ ክንፎቹ እንዳይጠጋ መጠበቅ ነው። ስድስት ዓመት አብረን በርረናል። የዚያን ቀን ያየሁትን ግን በስድስቱም ዓመት አላየሁም።

ጥሪው የመጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። አንድ የእግር ኳስ ዳኛ ፔናልቲ ሰጥቶ፣ የሁለቱ ቡድን ሰዎች ከበውት ሲጨቃጨቁ፣ ደረቱን ይዞ ሜዳው ላይ ወድቋል። ድልድዩ ለጥገና ስለተዘጋ አምቡላንስ በዙሪያ መንገድ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። እኛ በአሥራ አራት ደቂቃ እንደርሳለን።

አብሮን የነበረው ሐኪም ሥራ ከጀመረ ገና ሁለተኛ ወሩ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። መቀመጫው ላይ ሆኖ ሄሊኮፕተሯን በጉልበቱ የሚገፋ ይመስል ነበር።

«ያውላችሁ ሜዳው!» ብሎ ጮኸ።

እውነቱን ለመናገር የታየው ሜዳው ሳይሆን ሰው ነው። ቀይ ማሊያ፣ ቢጫ ማሊያ፣ ጃንጥላ፣ ሁሉም የተኛውን ሰውዬ ከብቦ ጥቅጥቅ ብሏል። የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ቀና ቀና አሉና እጃቸውን እያወዛወዙ ይጠሩን ጀመር። ሸሚዙን አውልቆ የሚያውለበልብ አለ፤ ጥላችንን እየተከተለ የሚሮጥ አለ። ችግሩ፣ ልናርፍበት በምንችለው ቦታ ላይ ቆመው ነው ኑ የሚሉን!

«ምን ታያለህ?» አለችኝ ካፒቴን።

«መርፌ ቢወረወር መሬት አይደርስም። በቀኝ በኩል የተመልካች ዳስ አለ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ የተያዘው በድንጋይ ብቻ ነው።»

አንዴ ዞረች። ሁለተኛ ዞረች። ሐኪሙ አላስቻለውም።

«ካፒቴን፣ ሰውየው እኮ እየሞተ ነው! ዝቅ ካልን ይሸሻሉ!»

«ይሸሻሉ፤ ግን በሽተኛውን ረግጠው ነው የሚሸሹት» አለች፣ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ። «አንድ ልንወስድ መጥተን አምስት አናደርጋቸውም።»

ይህን ብላ ሽቅብ ሳበቻት። ከታች ያ ሁሉ እጅ ባንዴ ወረደ። ጥለናቸው የምንሄድ መስሏቸዋል። ድምፃቸው አይሰማኝም፤ አፋቸው ግን ይታየኛል፤ ምን እያሉን እንደሆነ ለማወቅ መስማት አያስፈልግም። አንዱ ጫማውን አውልቆ ወረወረብን።

ካፒቴን ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። ከሜዳው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሣር የለበሰ ባዶ መሬት አለ። አቧራ የለውም፣ ሽቦ የለውም፣ ሰው የለውም። ደስ ሊለኝ ስል ጠርዙ ላይ በገመድ የተሰጣ ነጭ ነገር አየሁ።

«አንሶላ!» አልኩ። «ሠላሳ ይሆናል፤ ልብስ አጣቢ ቤት ነው። ሴትየዋም ግቢው ውስጥ አለች።»

አንድ አንሶላ ተነሥቶ ክንፉ ላይ ከተጠመጠመ እኛም ሴትየዋም አለቀልን። ካፒቴን ንፋሳችን በማይደርስበት ከፍታ ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመቻትና «ንገራት» አለችኝ።

ከዚያ ላይ ሆኖ ምን ይነገራል? በሩን ከፍቼ፣ ገመዴን ወገቤ ላይ አጥብቄ፣ አየር ላይ የሌለ ልብስ እሰበስብ ጀመር። ከገመድ አወርዳለሁ፣ አጥፋለሁ፣ ክንዴ ላይ አደርጋለሁ። ሴትየዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንደ እብድ አየችኝ። ከዚያ ገባት። እንዲያ ያለ ፍጥነት አይቼ አላውቅም! በሁለት እጇ እየጎተተች፣ እየጠቀለለች፣ እየታቀፈች፣ ትገባለች ትወጣለች።

«አሁን አንሶላ ነው የምንጠብቀው?» አለ ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ።

«ራሳችንን ነው የምንጠብቀው» አለችው ካፒቴን።

አርባ ሰከንድ ፈጀ። ሴትየዋ የመጨረሻውን ይዛ ገባችና ከበሩ ላይ እጇን አወዛወዘች። እኛም ወረድን። ካፒቴን እንቁላል የምታስቀምጥ ይመስል ቀስ አድርጋ አሳረፈቻት፤ መሬት መንካታችንን ያወቅኩት ሣሩን አይቼ ነው።

ሐኪሙን በፊት በኩል ጎንበስ አድርጌ አወጣሁት። ሻንጣውንና ቃሬዛውን ይዞ ወደ ሜዳው ተፈተለከ። ሕዝቡ ግን በተቃራኒው ወደ እኛ ይጎርፍ ነበር! ግድብ እንደተደረመሰ ነው። ካፒቴን ሞተሩን አጥፍታለች፤ ክንፎቹ እስኪቆሙ ግን ጊዜ ይወስዳል። የኋላው ትንሹ ክንፍ ደግሞ ሲሽከረከር ባዶ አየር ይመስላል፤ የነካው አይተርፍም። እጄን ዘርግቼ ወደ ኋላ ሮጥኩ። ግን አንድ ሰው ለስንቱ ይደርሳል?

በዚህ መሃል ልብስ አጣቢዋ ብቅ አለች። አንሶላዎቹ የተሰጡበትን ረጅም ገመድ ፈትታ አንዱን ጫፍ የአጥሯ ምሰሶ ላይ አስራለች፤ ሌላውን እየጎተተች በሕዝቡ ፊት ትሮጣለች።

«ቁም! ከዚህ ገመድ ያለፈ እግር ያየሁ እንደሆነ ውርድ ከራሴ!»

«እማማ፣ ዳኛው እኮ—»

«ዳኛው ባንተ እግር ነው የሚታከመው? ቁም ብያለሁ!»

ፊተኞቹ ቆሙ። ኋለኞቹ ሊገፏቸው ሲሉ ፈርጣማው የቢጫዎቹ በረኛ ነገሩ ገባው። ገመዱን ያዘና አጠገቡ የነበረውን ባለ ቀይ ማሊያ «ያዝ!» አለው። ያኛው ያዘ። ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ። ከግማሽ ሰዓት በፊት አንገት ለአንገት የተያያዙ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ!

ክንፎቹ ሲቆሙ ካፒቴን የራስ ቁሯን አውልቃ ወደ ገመዱ ሄደች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ያን ሲያዩ ጫጫታው ረገብ አለ።

«ጥላችሁን ልትሄዱ ነበር!» አለ አንድ እግሩ ባዶ የሆነ ሰውዬ። ጫማው የት እንደደረሰ እኔ አውቃለሁ።

«እውነትዎን ነው፣ እንደዚያ ይመስል ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «እዚያ ብወርድ የዳሱ ቆርቆሮ በላያችሁ ይበር ነበር። አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቃሬዛው የሚያልፍበት መንገድ እፈልጋለሁ። ትከፍቱልኛላችሁ?»

እንደ መጋረጃ ለሁለት ተከፈሉ።

አራት ሰዎች የተሸከሙት ቃሬዛ መጣ። ሐኪሙ ከጎኑ እየሮጠ ይጮኻል፦ «ሜዳው ላይ ልቡ ቆሞ ነበር! በኤሌክትሪክ መሣሪያው መለስነው! ተመለሰ!» ያን ፊቱን ብታዩት፣ ሰው ሳይሆን የበራ አምፖል ነው።

ዳኛው ባጠገቡ ሲያልፍ በረኛው ገመዱን እንደያዘ ጎንበስ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ዳኛ፣ አጥቂውን ነክቼዋለሁ። ፔናልቲው ልክ ነበር።»

ዳኛው አንድ ዓይኑን ገለጠ። «አውቃለሁ፤ ሁለት ሜትር ላይ ነበርኩ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ባለ አንድ ጫማው ሰውዬ ግን ሲስቅ ጀምሮ ሲያለቅስ ጨረሰ።

ካፒቴን ሁሉም ከገመዱ ወዲያ መሆናቸውን እኔን ሁለቴ ጠየቀችኝ። ከዚያ ጀርባችንን ለእነሱ ሰጥታ፣ በባዶው መሬት በኩል ቀጥ ብላ ተነሣች። አንድ ኮፍያ እንኳ አልበረረም። ቁልቁል ሳይ ልብስ አጣቢዋ በሁለት እጇ ታወዛውዝልናለች።

ሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ዳኛውን አስረክበን ሌላ ጥሪ ስላልነበረ ጥቂት ቆየን። ሐኪሙ መሬት መሬት እያየ መጣ።

«ካፒቴን፣ ቅድም እዚያ ላይ የተናገርኩት…»

«ምን ተናገርክ? ሞተሩ እየጮኸ አልሰማሁህም» አለችው።

በጆሮ ማዳመጫችን የዝንብ ትንፋሽ እንኳ እንደሚሰማ ሦስታችንም እናውቃለን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ በደረጃው እየተንደረደረች ወጣች። የተዘጋው የልቡ ደም ሥር ተከፍቷል፤ ዳኛው ነቅቶ ፊሽካዬን አምጡ እያለ ዋርዱን ያስቸግራል! ሐኪሙ ዘሎ የጣሪያውን ጥበቃ አቀፈው፤ ሰውየው ምን እንደሆነ ሳያውቅ እሱም አቀፈው።

ካፒቴን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች። በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው እንዲህ ሆና ሳያት። ማየቴን አይታ ሳቀች።

«ውሃ ይዘሃል?» አለችኝ። ኮዳዬን ሰጠኋት፤ ትንፋሽ ሳትወስድ ጨለጠችው።

ከዚያ ወሬው መጣ። እሷ ስለ ቆርቆሮው፣ እኔ ስለ በረኛው፣ ሐኪሙ ስለ ልቡ፤ ሦስታችንም ባንዴ እናወራለን፣ ማንም ማንንም አይሰማም።