ሸርጣን የበላ ጎመን

ባለቤቴ ጸጋዬ ማሳችን ላይ የባሕር አረም ሊበትን መሆኑን ሲነግረኝ መጀመሪያ የታየኝ ቀብራችን ነው። ኦሃዮ ባሕር የላትም። ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ነገር ማምጣት በሽታ መጥራት ነው አልኩት።

«ማዳበሪያ ነው እኮ» አለኝ። «የተፈጥሮ። አፈሩን ያለሰልሰዋል፣ ጎመኑን ያጠነክረዋል።»

«እኛንስ?»

«ማም፣ ቺል አድርጊ» አለች ልጄ ሀሴት፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል። «ኢትስ ኦርጋኒክ።»

ይህቺ ልጅ ኦርጋኒክ ነው ከተባለች እባብም ታቅፋለች።

ጸጋዬ ኮሎምበስ አጠገብ፣ ግሮቭ ሲቲ ባለ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ሲያነሳ ኖሮ ወገቡ ሲከዳው ሥራውን ለቀቀና ከጋሃና ከተማ ወዲያ መሬት ተከራይቶ ጎመን ማልማት ጀመረ። ገዢዎቹ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ናቸው፤ ትልቁ ገበያው ደግሞ የፍልሰታ ጾም ነው። በጾሙ ጎመኑ ካልተሸጠ እሱ ወደ መጋዘን ይመለሳል። መጋዘኑ የቀረውን ወገቡን ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ እኔ ዊልቸሩን ስገፋ፣ ዊልቸሩም በረዶ ላይ ሲንሸራተት ድረስ አስቤ ጨርሼዋለሁ።

አረሙን ትራክ የሚነዳው ወዳጃችን ሰሎሞን ባሕር ዳር ካለችው ከሜይን ግዛት በጆንያ አመጣው። ሲፈታ የኦሃዮ ዝንብ በሙሉ ተጠራርቶ መጣ። ጸጋዬ ጨውን በውሃ አጥቦ እያስለቀቀ ከጎመኑ ሥር አነጠፈው። እኔ ጓንት በጓንት ላይ ደርቤ፣ ማስክ አድርጌ ራቅ ብዬ ቆምኩ። መርዝ ፈራሁ፣ የቆዳ በሽታ ፈራሁ፣ የከተማውን ኢንስፔክተር ፈራሁ፣ ጎርፍ ሳይቀር ፈራሁ። ያልፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመጣውም እሱ ነው።

ሀሴት ቪዲዮ ቀረጸች። ቪዲዮው ላይ አባቷ ከአረሙ መሃል የደረቀች፣ ጥፍር የምታህል ሸርጣን አንስቶ እየሳቀ ያሳያል። «ፍሪ ፕሮቲን!» ትላለች ልጄ ከኋላ። ፖስት አደረገችው። ሳይመሽ የቤተ ክርስቲያኑ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ፤ ከሥሩም የምግብ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋሼ ገብረኪዳን ጻፉበት፦ «ሸርጣን የበላ ጎመን የጾም ነው ወይስ የፍስክ?»

ኮሚቴው በዙም ተሰበሰበ። እኛም ተጠራን።

«አባቴ ጎመኑን በእበት ነው ያሳደገው» አለ ጸጋዬ። «ያን ጊዜ ማን ፍስክ ነው አለ?»

«እበት ሣር ነው» አሉ ጋሼ ገብረኪዳን። «ላሚቱ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ናት። ሸርጣኗ ግን ምን ስትበላ እንደኖረች በምን ይታወቃል?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንዷ ጎመኑ ላብራቶሪ ይግባ አለች። ሌላው፣ ሸርጣኗ ስትመጣ ሞታ ስለነበር ጥያቄው የአፈር እንጂ የሥጋ አይደለም ብሎ ሊከራከር ሲል ማይኩን አጠፉበት። በመጨረሻ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጥናቱን ጾሙ ከተፈታ በኋላ እንዲያቀርብ፣ እስከዚያ ግን ጎመኑን ማንም እንዳይገዛ ተወሰነ።

ጾሙ ገባ። ጎመን ኮሚቴ አያውቅም፤ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ አከለ። የሚገዛው ግን ጠፋ። አንድ ቀን ጸጋዬ በአንድ እጁ ወገቡን እያሻሸ፣ በሌላው ስልኩ ላይ የመጋዘኑን ማመልከቻ ሲሞላ አየሁት። ዊልቸሩ እንደገና ታየኝ።

እዚያው ሳለን ሞርስ ሮድ ላይ ሱቅ ያለው ጁነዲን ኮል አደረገ። «ጋሽ ጸጋዬ፣ ጎመንህ ተወገዘ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

«እስኪጣራ ነው» አልኩት ስልኩን ቀምቼ።

«ይጣራ። እስከዚያ እኔ ጋ ይቀመጥ» ብሎ ሳቀ። «ባሕር ያየ ጎመን እንዴት ይጣላል? እኔ ራሴ ከመጣሁ ጀምሮ ከኮሎምበስ አልወጣሁም።»

በራፉ ላይ «ትኩስ የአበሻ ጎመን» ብሎ ለጠፈ። እኔ ሰው ሰምቶ ሱቁ ይዘጋበታል ብዬ እህል አልበላ አለኝ። ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ጠዋት የገባው ከሰዓት ያልቃል። ጁነዲን ጨምሩ አለን። ጸጋዬ ማመልከቻውን ሳይልከው ቆየ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የጾም ምሳ ቀረበ። ከምስሩ አጠገብ ጎመን አለ። ገና ሳየው የእኛ መሆኑን አወቅሁ፤ ልጄን ከመንገድ ማዶ እንደምለያት ነው የለየሁት። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ጋሼ ገብረኪዳን ጎመኑን ሁለቴ አስጨመሩ። አሁን ባሕር ባሕር አለኝ ይላሉ፣ የጁነዲንም ገበያ ይቀራል፣ ጸጋዬም መጋዘን ይገባል ብዬ አፋቸውን አየሁ።

«ጎመን ማለት ይሄ ነው!» አሉ። «ባሕር ያላየ! ከጁነዲን ሱቅ ነው የተገዛው። ጸጋዬ፣ እንዳትቀየመኝ እንጂ፣ ያንን ገበሬ ፈልገህ ብትማር ጥሩ ነው።»

«እፈልገዋለሁ፣ ጋሼ» አለ ጸጋዬ።

«ኮሚቴው ከእንግዲህ ለበዓሉም ለሰንበቴውም ከሱ ብቻ እንዲገዛ ወስኗል። ብቻ ጸባዩን አጣራልን። ምን ዓይነት ሰው ነው?»

በጠረጴዛው ሥር የጸጋዬን እግር ረገጥኩት። እሱ የጠቀለለውን ጎርሶ፣ በደንብ አላምጦ ዋጠ።

«ደህና ሰው ነው አሉ፣ ጋሼ» አለ። «ሚስቱ ብቻ ትንሽ ትጨነቃለች።»