መድኃኒቱን የሚጠጣው ረጪ

ሰውየውን ቁንጫ ይሉታል። ቁመቱ አጠር፣ አካሄዱ ዘለል ዘለል ስለሚል የወጣለት ስም ነው። ሥራው ደግሞ የግቢ ተባይ መድኃኒት መርጨት ሆነና ስሙና ሥራው ተጋጠሙ። ደንበኞቹ «ወገኖቹን የሚፈጅ ከሃዲ» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም «ምን ላድርግ፣ ዘመድ ሲበዛ ያሰለቻል» ብሎ ይመልሳል።

ወሬው አያልቅም። አንድ ግቢ ሲገባ ጉንዳኖቹ ገና ከበር ሲያዩት ዕቃቸውን ጭነው ወጡ ይላል። አንዲት አሮጊት ጉንዳን ብቻ ቀርታ «ልጄ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ እስከ ነገ ታገሠኝ» አለችው። ታገሣት። በማግስቱ ሲመለስ ቤቷን ጠርጋ፣ ቁልፉን ደፍ ላይ ትታለት ሄዳለች። ይኼን ሲያወራ ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር አይታይም። ሰው ግን ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እየሳቀም «በል እርጭልን» ይለዋል።

ከወሬው ሁሉ በላይ ግን ስም ያወጣለት መጠጣቱ ነው። ቁንጫ መድኃኒቱን ይጠጣል። የቤቱ ባለቤት «ውሻዬን አይገልብኝም? ሣሩን አያደርቅብኝም? ልጆቹ ቢነኩትስ?» እያለ ጥያቄ ሲያበዛ፣ ቁንጫ መርጫውን ከጀርባው ያወርድና ከወገቡ ያንጠለጠላትን ኮዳ ይፈታል። ጀሪካኑን ወደ ኮዳዋ ዘንበል ያደርጋል፤ የቀዳ ይመስላል፣ እጁ ፈጣን ነው። ከዚያ አንድ ጉንጭ ይጎነጭና አፉን በክንዱ ጠርጎ «ትንሽ ይመራል እንጂ ለሆድ ጥሩ ነው» ይላል። ነገሩ በዚያው ያበቃል። ዓይኑ እያየ የሚጠጣ ሰው ፊት ማን ይከራከራል?

ኮዳዋ ውስጥ ያለው ጠዋት ከቤቱ ይዞት የወጣው ቀዝቃዛ ሻይ ነው። ቀለሙ ከመድኃኒቱ ጋር ቁርጥ አንድ ነው።

ሲጀምር እንዲህ አልነበረም። ፈቃድ ሲያወጣ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ነበር። በመጨረሻው ቀን አንድ ወረቀት ሰጡት፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለቤቱ ባለቤት ጮክ ብሎ የሚያነበው ነው። ካነበበባቸው ከመጀመሪያዎቹ አራት ቤቶች ሦስቱ «ይቅርብን፣ ምስጡ ይሻለናል» ብለው ሸኙት። በአምስተኛው ቤት ሻይዋን ጠጣ። ወረቀቱንም አልጣለውም፤ የመርጫው ክዳን ያንጠባጥብ ስለነበር አጣጥፎ ወተፈበት። ልክ ሆነለት፤ ከዚያ ወዲህ ጠብ ብሎ አያውቅም።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት አስጠሩት። ባለቤታቸው ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ ሰክተው ኖረው፣ አሁን ሁለቱም ዓይኖቻቸው በጠብታ ነው የሚውሉት። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደግሞ ከአልጋ አይወርዱም። አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ ወደ ግቢ ያያል። ምስጡ ከአጥሩ ጀምሮ የቤቱን የውጭ ግድግዳ ይዞ፣ የጭቃ መንገዱን እየሠራ እስከዚያ መስኮት ድረስ ደርሷል።

«ልጄ» አሉ አሮጊቷ፣ መርጫውን ከላይ እስከ ታች እያዩ፤ «እሳቸው ደረታቸው ደካማ ነው። ይኼ ነገር ሽታው አይጎዳቸውም? ሌላ ክፍል ልውሰዳቸው እንዴ?»

ወረቀቱ ላይ ይኼ ተጽፏል። መስኮት ይዘጋ፣ ሕመምተኛ ከአጠገቡ ይነሣ ይላል። አሮጊቷ ሳይማሩ አወቁት። ቁንጫ ግን ሽማግሌውን ከነአልጋቸው ለማንሣት የሚፈጀውን ጊዜ አሰበና ኮዳዋን ፈታ።

«እማማ፣ ይዩኝ» አለና ተጎነጨ።

በመስኮቱ በኩል የሚንኮሻኮሽ ሳቅ ተሰማ። ሰዓት ሠሪው ናቸው።

«ድገመው እስቲ» አሉ። «አልታየኝም፤ እኔ አሁን የሚታየኝ ጥላ ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ከጠጣሁ ለግድግዳው አይተርፍም።»

«ከሞትክ ሰዓትህን ለእኔ ተናዘዝ። መቆሙን ካወቅሁ ቆየሁ፤ ከዚህ ሆኜ ምቱ አይሰማኝም።»

እውነትም የቁንጫ ሰዓት ቆሞ ነበር፤ ለጌጥ ነው የሚያስረው። በዚያ ክፍት መስኮት ዙሪያ ግድግዳውን እየረጨ፣ የዚያችን አሮጊት ጉንዳን ወሬ ከነቁልፉ ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋቸዋል። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ ሰምተዋቸው አያውቁም።

ሥራው ሲያልቅ አሮጊቷ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ይዘው መጡ።

«ምርቃቷን እንዳትረሳ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትኋን አለብን። አልጋው ውስጥ ገብቶ እሳቸውን ፈጃቸው። አይነሡ፣ አይገላበጡ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያኩ ያድራሉ። ከዚችው ጠንከር ካለችው ጣል አድርግልኝ።»

ቁንጫ ማወቁንስ ያውቃል። ይኼ የውጭ መድኃኒት ነው፤ ጣራ ሥር አይገባም፣ ያውም ሰው የሚተኛበት ላይ። በውኃ ፕላስቲክም አይቀዳም። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ግን እንዴት ብሎ ይናገር? ገና አሁን ዓይናቸው እያየ ተጎንጭቶታል። «መርዝ ነው» ቢል፣ «ታዲያ አንተ ምን ጠጣህ?» ሊሉት ነው።

ቀዳላቸው። ከጀሪካኑ፣ ካልተበጠበጠው ነው የቀዳው፤ መርጫው ውስጥ የቀረ አልነበረም።

«ውኃ አብዝተው ይበጥብጡት» አለ። ከዚያ በላይ አላለም።

«ስታምር» አሉ አሮጊቷ ፕላስቲኩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው። «ሻይ ትመስላለች።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቁንጫ ሌላ ሰፈር አንድ አጥር እየረጨ ስልኩ ጮኸ። አሮጊቷ ናቸው።

«ልጄ፣ ጋሼህ ታመሙብኝ፤ ሆስፒታል ነን። ለሃጫቸው አልቆም አለ፣ ላቡ አጠመቃቸው፣ ደረታቸው ያፏጫል። ሐኪሟ መርዝ ነክተዋል ወይ እያለች ትነዘንዘኛለች። የዓይናቸው ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክላለች አለች። ጠብታው ነው እንጂ፣ ጠብታው ሁሌም ብሌናቸውን ያጠብበዋል፤ እሱን ነገርኳት። ቤታችን የገባው ደግሞ ያ የምትጠጣው ብቻ ነው፣ ፍራሹን ትናንት አርስሼው አንሶላ ሳልቀይር አስተኛኋቸው አልኳት። ‹የሚጠጣ ከሆነማ› ብላ ወደ ሳንባቸው ዞረች። ብቻ ይችን ከአንተው አፍ ብትሰማ ልቧ ያርፋል ብዬ ነው።»

«በጠበጡት?» አለ ቁንጫ።

«ምኑን?»

«በውኃ።»

«ምን አደከመኝ፤ ትኋኑ እንዲያልቅ ብዬ እንዲሁ ነው ያፈሰስኩት። አንተ እንዲሁ አይደል የምትጠጣው?»

ሥልጠናው ላይ በሥዕል አሳይተዋቸው ነበር። ለሃጭ፣ ላብ፣ የሚያፏጭ ደረት፣ የጠበበ ብሌን። ሥዕሉ ላይ የነበረውን ሰው ቁንጫ «ሚስቱ ወጥ ያቃጠለችበት ይመስላል» ብሎ ክፍሉን አስቆት ነበር። አሁን በስልክ ሦስት ቃል መናገር ይበቃው ነበር፤ «እማማ፣ ሻይ ነው።» አልወጣውም። «መጣሁ» ብሎ ዘጋው።

አልመጣም። ማለትም ወዲያው አልተነሣም። የጀመረውን አጥር እስከ ጥጉ ጨረሰው። እጁ እየረጨ ሐሳቡ ሌላ ወሬ ሠራለት፦ ሽማግሌ ናቸው፣ ደረታቸው ቀድሞም ደካማ ነው፣ ሐኪም የማያውቀውን እኔ ከየት አውቄ። ጥጉ ላይ ሲደርስ ፈቃዱን አሰበ፣ ፍርድ ቤትን አሰበ። ከዚያ ያ የሚንኮሻኮሽ ሳቅ ጆሮው ላይ መጣበት። መርጫውን እዚያው የሰው ግቢ ጥሎ ሮጠ። ሰዓቱ ስለቆመ ምን ያህል እንዳጠፋ አላወቀም።

የድንገተኛ ክፍሉ ኮሪደር ጠባብ ነው። በአንድ በኩል አግዳሚ ወንበር፣ በሌላው በኩል ተሸከርካሪ አልጋዎች። ሰዓት ሠሪው ሁለተኛው አልጋ ላይ ናቸው፤ አፋቸው ላይ ኦክስጅን ተደፍቶ ደረታቸው እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል።

አሮጊቷ ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«ይኸው! ይኸው መጣ፤ አላልኩሽም?» አሉና ከዘንቢላቸው ያንን የውኃ ፕላስቲክ አወጡ። ከግማሽ በታች ነው የቀረው። «ሳንባ ነው፣ መርዝ ነው ስትይ ጊዜው ሄደ። በል ልጄ፣ አንድ ጊዜ ተጎንጭላትና ትይ፤ ከዚያ ወደ ሕክምናዋ ትሂድ።»

ክዳኑን ከፍተው ሰጡት።

ቁንጫ ያዘው። ሽታው አፍንጫው ውስጥ ገባ። አሮጊቷ ያዩታል፣ ሐኪሟ ታየዋለች፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ እጁ በፋሻ የታሰረ ሰውም አንገቱን አስግጎ ያያል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው እንዲህ እንዲያየው ነበር የሚፈልገው። እጁን ወደ አፉ ሊያነሣ ሞከረ። እውነት ነው፣ ሞከረ፤ ከመናገር መጠጣቱ የቀለለው አንዲት ቅጽበት ነበረች። ክንዱ ግን ደረቱ ጋ ሲደርስ ቀረ።

«አልጠጣም» አለ።

«ለምን?» አሉ አሮጊቷ።

«ጠጥቼው አላውቅም። እኔ የምጠጣው ሻይ ነው፤ ለማታለል ነው። ይኼ መርዝ ነው፣ ያውም ያልተበጠበጠው። ለውጭ ግድግዳ የሚረጭ ነው።» ከኪሱ ጀሪካኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አወጣ፤ ከመሮጡ በፊት ልጦት ነበር። «ስሙ ይኼ ነው፣ ዶክተር።»

ሐኪሟ ወረቀቱን ነጥቃ አንድ መስመር አነበበች። ፊቷ አልተለወጠም። ዞራ ነርሷን ጠራች፣ የመርፌ ስም ተናገረች፣ «ልብሳቸውን ሁሉ አውልቁ፣ ገላቸውን በሳሙና እጠቡ» አለች፤ አልጋውን እየገፉ ወደ ውስጥ ገቡ። በሩ ተወዛወዘና ቆመ።

ቁንጫና አሮጊቷ ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። ቁንጫ ፕላስቲኩን ከድኖ እግሩ ሥር አስቀመጠ። አሮጊቷ እጃቸውን ያያሉ፤ ፍራሹን ያራሱበትን እጅ።

«ስኳር ነበረው?» አሉ።

«ምኑ?»

«ሻይው።»

«ትንሽ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

መርፌው ሥራውን ጀምሮ ነበር፤ ላቡ ቆመ፣ ደረታቸው ዝም አለ። ልባቸው ግን ሌሊቱን ሙሉና ግማሽ ቀን ስትታገል ደክሟት ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆመች። ሐኪሟ ወጥታ ለአሮጊቷ ከነገረች በኋላ ቁንጫን ለብቻው «ማለዳ ብናውቅ» አለችና አልጨረሰችውም። ቃሉን ፖሊስ ተቀበለው። ደብቆ ያስቀረው ነገር የለም፤ ሻይዋንም፣ አጥሩን መጨረሱንም ተናገረ። ቃሉን የሚጽፈው ፖሊስ «አጥሩን ጨረስክ?» ብሎ ቀና ብሎ አየው። ፈቃዱን ወሰዱበትና ለሰኞ ቀጠሩት።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ አሮጊቷ ቤት ሄደ። ፍራሹ አሁንም እዚያው ነው፤ ማንም እንዴት እንደሚነካው አያውቅም። አሮጊቷ በሩን ከፈቱለት።

«መስኮቱን ክፈተው» አሉት።

ቁንጫ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አደረገ። ፍራሹን በላስቲክ ጠቅልሎ አሰረ፣ አንሶላውንና ትራሱን ጨመረበት፣ የአልጋውን ብረትና ወለሉን በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠበ። አልጋው ራስጌ ላይ ያለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ የሰዓት ጥርሶች፣ መጠምዘዣና ማጉያው ተደርድረዋል። ሣጥኗን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንደነበረች መለሳት። የራሱን ሰዓት ከእጁ ፈትቶ አጠገቧ ሊያኖር ብሎ ተወው።

ጥቅሉን እየጎተተ ወደ ግቢው ሲወጣ የጎረቤቱ ሰው በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ከመንገድ ገና ትናንት መግባቱ ነው፤ ምንም አልሰማም።

«አንተ ቁንጫ፣ የእኔንም ግድግዳ ምስጥ በላው እኮ። መጥተህ አትረጭልኝም? ሚስቴ መድኃኒቱን ስትጠጣ ማየት ትፈልጋለች።»

ቁንጫ ጥሎት የሮጠውን መርጫ ለፖሊስ ሊያስረክብ ከሰው ግቢ አንሥቶ ይዞት መጥቷል፤ በሩ ሥር ቆሟል። ሄዶ ክዳኑን ፈታና የወተፈውን ወረቀት መዞ አወጣ። እርሶ፣ ደርቆ፣ እንደ ቅርፊት ሆኗል። እየተሰነጠቀ ዘረጋው፤ ግማሹ ፊደል ሄዷል። ጮክ ብሎ የቀረውን ማንበብ ጀመረ።

«ረጪው ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። የመድኃኒቱን ስም ጽፎ ይስጣችሁ። የጉድጓድም ሆነ የበርሜል ውኃ ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ክደኑት። መስኮት ዝጉ። የልጆችን መጫወቻ፣ የውሻውን ሳህን አንሡ። ነፋስ ካለ ይቆይ። እስኪደርቅ ማንም አይርገጠው። ለውጭ የተሠራው ከጣራ ሥር አይገባም። ከረጪው እጅ በጠርሙስ ቀድታችሁ አትቀበሉ።»

ጎረቤቱ ፊቱን ለሳቅ አዘጋጅቶ፣ ክንዱን አጥሩ ላይ አስደግፎ ይጠብቃል። ከኋላ አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ።

«እሺ፣» አለ ጎረቤቱ፤ «ከዚያስ?»

ቁንጫ ወረቀቱን ገለበጠው። ከጀርባው ባዶ ነው።

«ከዚያ የለም» አለ።